በሩ የሚዘጋው ለማን ነው?

(ጎንደር ውስጥ አዲስ ለተመረጡ የትምህርት ቤት ቦርድና የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት አባላት ያደረግሁት ንግግር ነው። በቦታው ያልነበሩ ወዳጆች ስለጠየቁኝ አንዳንዱን አሳጥሬ፣ አንዳንዱን አስፍቼ ጻፍኩት።)

እንደምን ዋላችሁ? ከአዘዞ በባጃጅ የመጣችሁ አላችሁ። ከቀሃ ማዶ በእግራችሁ የመጣችሁም አላችሁ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ገበያችሁን ትታችሁ ነው የተቀመጣችሁት። ስለዚህ ቶሎ ወደ ነገሬ ልግባ።

ልጆቼ በተማሩበት ትምህርት ቤት ለዓመታት በኅብረቱም በቦርዱም አገልግያለሁ። በእነዚያ ዓመታት ከሁሉ አብልጦ የተጠየቅሁት ስለ መጽሐፍ እጥረት አይደለም። ስለ ፈተና ውጤትም አይደለም። «ለምንድን ነው በር ዘግታችሁ የምትሰበሰቡት?» የሚል ነው።

አንድ ቀን ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ስመርጥ አንዲት እናት አገኘችኝ። ልጇ ከልጄ ጋር ይማራል። ሰላምታውን በቅጡ ሳንጨርስ «እህቴ፣ እናንተ በር የምትዘጉት ምን ልትበሉ ነው?» አለችኝ። ደነገጥኩ። ተናደድኩም። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ጥያቄዋ ትክክል ሆኖ አገኘሁት። ለምን እንደምንዘጋ አንድም ቀን ነግረናት አናውቅም። ያልተነገረውን ደግሞ ሰው በራሱ ግምት ይሞላዋል። ዛሬ የምነግራችሁ ያን ቀን ለእሷ ልመልስላት ይገባኝ የነበረውን ነው።

በር መዝጋት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ሽምግልና የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል። ሁለት ሰዎች ይጣላሉ። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። አንዱ ይናገራል፤ ሌላው ይመልሳል። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ «እስቲ ገለል በሉልን» ይላሉ። ሁለቱም ተነሥተው ራቅ ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይመካከራሉ። «ይኼኛው ቁጡ ነው፤ ካሳውን ከፍ ካደረግንበት ይብስበታል» ይባላል። «እሷ አፍራ ያልተናገረችው ነገር ያለ ይመስለኛል» ይባላል። ይህን ፊት ለፊት ብትናገሩት ዕርቁ እዚያው ይፈርሳል። ምክሩ ሲያልቅ ግን ሁለቱንም ይጠሯቸዋል። ፍርዱ የሚነገረው ሁለቱም ቁጭ ብለው እየሰሙ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። ገለል የተባሉት ሰዎች ለምን ገለል እንደተባሉ ያውቃሉ። ውሳኔውንም በገዛ ጆሯቸው ይሰማሉ። ምክሩ ለብቻ ነው፣ ውሳኔው በአደባባይ። በዚህ የተነሣ ሽማግሌን «ምን ልትበሉ ነው ገለል ያላችሁን?» የሚል ሰው አይቼ አላውቅም።

ጎንደር ሁለቱንም የምታውቅ ከተማ ናት። ጃን ተከል ዋርካ ሥር አዋጅ ለሕዝብ ይነገር ነበር ይባላል። በዚያው ከተማ ሰው ለንስሐ አባቱ የነገረው ነገር ከዚያች ጥግ አይወጣም። አዋጁን በሹክሹክታ፣ ንስሐውን በአደባባይ ብናደርገው ሁለቱም ይበላሻሉ። የትምህርት ቤት ቦርድም ሥራው ሁሉ የትኛው አዋጅ፣ የትኛው ንስሐ እንደሆነ መለየት ነው ብል አላጋነንኩም።

አሁን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ለመንገር ይከብደኛል። የትኛው ትምህርት ቤት እንደነበረና የማን ልጅ እንደነበረች አልናገርም፤ እናንተም አትጠይቁኝ።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ጎበዝ ናት። በመሀል መቅረት አበዛች። ሦስት ሳምንት ሲሆን ስሟ በቀሪ ብዛት ከሚሰናበቱት ዝርዝር ገባ። ዝርዝሩ ለጠቅላላ የወላጆች ስብሰባ ቀረበ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። የልጅቷ ስም ሲጠራ ስም ጠሪ መምህሯ እጁን አወጣ። ልጅቷን የሚወድ፣ ደግ መምህር ነው። ሊያድናት ፈልጎ ነው የተነሣው። «ይህች ልጅ የምትቀረው ወዳ አይደለም» አለ። ከዚያ ሁሉንም ተናገረ። እናቷ ምን እንደታመመች በስሙ ጠርቶ ተናገረ። አባት እንደሌለ ተናገረ። ልጅቷ ማታ ማታ የት እንደምትሠራና ለምን እንደምትሠራ ተናገረ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ከንፈር ተመጠጠ። አንዲት ሴትዮ አለቀሰች። ስሟ ከዝርዝሩ እንዲወጣ በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ጥሩ ሥራ የሠራን መስሎን ወደ የቤታችን ሄድን።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሲመሽ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶታል። ሰኞ ልጅቷ መጣች። በእረፍት ሰዓት ልጆች የእናቷን በሽታ ስም እየጠሩ ተከተሏት። ማክሰኞም መጣች። ረቡዕ ቀረች። ከዩኒት ሊደሩ ጋር ቤቷ ሄድን። አንድ ክፍል ናት። የትምህርት ቤት ሹራቧ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። እናቲቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ማን እንደመጣ ሲነገራት አልዞረችም። «ምን አደረግኳችሁ?» ብቻ አለች። ሌላ ቃል አልተናገረችም። ልጅቷ ሌላ ከተማ ወዳለች አክስቷ ሄዳ ነበር። አልተመለሰችም።

ያ ስብሰባ ግልጽ ነበር። አጀንዳው ታውቋል፣ ቃለ ጉባኤው በሥርዓት ተይዟል፣ የመጣው ሁሉ ፈርሟል። ማንም ክፉ አላሰበም። ጥፋታችን በሩን መዝጋት በነበረብን ሰዓት ክፍት መተዋችን ነው። አምስት ሰው ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ በአሥር ደቂቃ የሚጨርሰው ጉዳይ ነበር።

በአማርኛ ገመና የሚባል ቃል አለን። ከምስጢር ይለያል። ምስጢር ማንም ሊኖረው ይችላል፤ ሌባም ምስጢር አለው። ገመና ግን የአንድ ሰው ወይም የአንድ ቤት ነው፤ ቢገለጥ ሰውየው ራቁቱን ይቀራል። ገመና መሸፈን እኛ አገር ምግባር ነው። የቦርድ በር የሚዘጋበት ትክክለኛ ምክንያት ይኸው ነው፦ የሰውን ገመና መሸፈን። የልጅ የጤና ጉዳይ። የቤት ችግር። የጥቃት አቤቱታ። ገና ያልተጣራ የመምህር ክስ። መምህርም ሰው ነው፣ ቤተሰብ አለው። ክሱ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ አዳራሹን ሙሉ ሰው መልሶ ሰብስቦ «ይቅርታ፣ ተሳስተን ነበር» የሚል ቦርድ እስካሁን አላየሁም።

ሕጉም ከዚህ አይርቅም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። ይኸው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት ያስከብራል። በአንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናትን የሚመለከት ማንኛውም እርምጃ ሲወሰድ የልጁ ደኅንነት በቀደምትነት ይታሰብ ይላል። ፍርድ ቤት እንኳ፣ ችሎቱ ለሕዝብ ክፍት መሆን ያለበት ፍርድ ቤት፣ የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራልና የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ብቻ በዝግ እንዲሰማ በአንቀጽ 20 ተፈቅዶለታል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ስብሰባው ግልጽ ነው። በዝግ ይደረግ የሚል ጥያቄ ከቀረበ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ መደገፍ አለበት፤ አንቀጽ 58 ላይ ታገኙታላችሁ። እዩት፣ የትም ቦታ ክፍት መሆን ደንብ ነው፤ መዝጋት ምክንያት የሚጠየቅበት ነገር ነው። እኛ አገር ትምህርት ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ተገልብጦ አየዋለሁ። መዝጋቱ ልማድ ሆኖ፣ ለመክፈት ነው ፈቃድ የሚጠየቀው።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ ስለ «ስኩል ቦርድ» አውርተዋችሁ ይሆናል። እዚያ የትምህርት ቤት ቦርድ አብዛኛውን ጊዜ በሕዝብ ምርጫ የሚቋቋም፣ በጀት የሚያጸድቅ ትልቅ አካል ነው። ሃምሳዎቹም ግዛቶች የክፍት ስብሰባ ሕግ አላቸው። የካሊፎርኒያውን ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1952 የሳን ፍራንሲስኮ አንድ ጋዜጣ የአካባቢ ምክር ቤቶችና ቦርዶች ተደብቀው እየተሰበሰቡ እንደሚወስኑ በተከታታይ አወጣ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1953፣ ያቀረበው የምክር ቤት አባል በስሙ የተጠራለት የብራውን ሕግ ወጣ። መደበኛ ስብሰባ ከመደረጉ ከ72 ሰዓት በፊት አጀንዳው ሕዝብ በሚያየው ቦታ ይለጠፋል። በዝግ የሚታዩት ጉዳዮች ተለይተው ተቆጥረዋል፦ የሠራተኛ ጉዳይ፣ የፍርድ ቤት ክርክር፣ ከሠራተኛ ማኅበር ጋር የሚደረግ ድርድር፣ የመሬትና የሕንፃ ግዢ ዋጋ፣ የመሳሰሉት። የተማሪ ዲሲፕሊንም በግዛቱ የትምህርት ሕግ መሠረት በዝግ ይታያል።

እኔን የገረመኝ ግን ዝርዝሩ አይደለም። አንድ ሠራተኛ ክስ ቀርቦበት በዝግ ሊታይ ሲል ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ይነገረዋል። እሱ «አይ፣ በሕዝብ ፊት ይታይልኝ» ካለ በሩ ይከፈታል። ተማሪን ከትምህርት ቤት ለማባረር የሚደረግ ክርክርም በዝግ ነው፤ ተማሪው በጽሑፍ ከጠየቀ ግን ክፍት ይሆናል። የማባረሩ የመጨረሻ ውሳኔ የሚሰጠው ደግሞ በክፍት ስብሰባ ብቻ ነው። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ «ገለል በሉልን» ያሉት ሽማግሌ ናቸው። የበሩ ቁልፍ የቦርዱ አይደለም። ገመናው የሚሸፈንለት ሰው ነው ባለቁልፉ።

ወደ ሁለተኛው ጥፋታችን ልምጣ። ይኼኛው የተገላቢጦሽ ነው።

ከግቢያችን ጀርባ የባሕር ዛፍ ተክል ነበረ። የቀደሙት ወላጆች የተከሉት ነው። ለሽያጭ ደረሰ። እኛ የቦርድ አባላት ተሰበሰብን። በሩን ዘጋን። ለምን ዘጋን? «ወሬ እንዳይበዛ» ተባለ። እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌያለሁ። አንድ ነጋዴ ዋጋ አቅርቦ ነበር፤ ዋጋው መጥፎ አልነበረም። ተስማማን፣ ሸጥን። ብሩ ትምህርት ቤቱ ሒሳብ ገባ። በብሩ ዴስክ ተሠራ፣ የአንድ ብሎክ ቆርቆሮ ተቀየረ። እግዜር ያያል፣ አንድ ሳንቲም የበላ ሰው አልነበረም።

ወላጆች ነገሩን የሰሙት ግን ከመጥረቢያው ነው። ጠዋት ልጆቻቸውን ሊያደርሱ ሲመጡ ዛፉ ይወድቃል። አይሱዙ ቆሞ ይጫናል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ባለቤቱ መጨረሻ ሰማ። አንድ አባት አጥሩን ይዘው ቆመው ሲያዩ አስታውሳለሁ። ወጣት ሳሉ ችግኙን ውኃ ያጠጡት እሳቸው ናቸው። ምንም አልተናገሩም፤ ልጃቸውን አስገብተው ሄዱ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ሰው ጠረጠረ። ደረሰኙን አሳየን። የባንክ ስቴትመንት ለጠፍን። አዲሱን ዴስክ ክፍል እያስገባን አስጎበኘን። አልረዳንም። በሚቀጥለው ዓመት ለመጸዳጃ ቤት መዋጮ ስንጠይቅ የመጣው ሰው በጣት ይቆጠራል።

ገንዘቡ ንጹሕ ነበር። የቆሸሸው በሩ ነው። ዛፉ የማንም ገመና አልነበረም። የሸፈንነው የራሳችንን ምቾት ነው፤ ጥያቄ መመለስ ሰልችቶን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። «ዋጋ ስንደራደር ሁሉም ከሰማ ነጋዴው መቼ ጥሩ ዋጋ ይሰጠናል?» ትላላችሁ። እውነት ነው። ግን ጨረታ እንዴት እንደሚደረግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ማስታወቂያው በግልጽ ይወጣል። ዋጋው በታሸገ ፖስታ ይገባል። ፖስታው የሚከፈተው ተጫራቾች ባሉበት፣ በተባለው ቀን፣ በተባለው ሰዓት ነው። ምስጢሩ የሚያበቃበት ቀን አስቀድሞ ተቆርጧል። ገንዘብን የሚመለከት ነገር በሙሉ እንደዚያ ይሁን። የሚዘጋው ለጊዜው ነው፤ መቼ እንደሚከፈትም ሲዘጋ ይነገር።

ከባድ የምለው ሁለቱ የሚቀላቀሉበትን ነው። ደብተርና ዩኒፎርም ለችግረኛ ልጆች ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙ ቦታ ዝርዝሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። አንዳንዱ ቦታ ልጆቹ ጠዋት በሰልፍ ላይ ስማቸው እየተጠራ ይወጣሉ፤ ፎቶም ይነሣሉ። «ግልጽነት ነው» ይባላል። የልጁን ፊት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ደብተሩን ደረቱ ላይ ለጥፎ መሬት መሬት ሲያይ? በሌላ በኩል ዝርዝሩን ሙሉ በሙሉ ከደበቃችሁት የኮሚቴ ዘመድ ይገባበታል። መውጫው ነገሩን ለሁለት መክፈል ነው። መስፈርቱን ለጥፉት። ስንት ልጆች እንደተረዱ፣ ስንት ደብተር እንደመጣና ስንት እንደተሰጠ ለጥፉት። ስማቸው ግን ቢሮ ይቅር፤ ከቦርዱ ውጭ የሆኑ፣ ወላጆች የሚያምኗቸው ሁለት ሰዎች አይተው ይፈርሙበት። አድካሚ ነው፣ አውቃለሁ። ለልጁ ሲባል ግን አያደክምም።

ስለ አሠራሩ ትንሽ ልበል፤ የምትሠሩት እናንተ ናችሁና።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት ቤቶች ሕብረተሰቡ በሚሳተፍበት አመራር እንዲመሩ ሲል እንደ እናንተ ያሉትን ማለቱ ነበር። የተቀመጣችሁት በወላጅ ወንበር ላይ ነው። ስለዚህ ስትዘጉ በወላጅ ስም እንደምትዘጉ አትርሱ።

መጀመሪያ «ልዩ ልዩ» የምትባለዋን አጀንዳ ተጠንቀቁ። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ መጨረሻ ላይ ነው የምትመጣው። ሰው ደክሞት፣ ግማሹ ወጥቶ ሳለ ትልቁ ነገር በእሷ ሾልኮ ያልፋል። በዝግ የሚታይ ጉዳይ በ«ልዩ ልዩ» ሊመጣ አይገባም። ቀድሞ አጀንዳ ላይ ይጻፍ። ስም ሳይጠራ «የአንድ ተማሪ ጉዳይ፣ በዝግ የሚታይ» ማለት ይበቃል።

ከተዘጋ በኋላ የተዘጋበትን ጉዳይ ብቻ ተነጋገሩ። ፈተናው እዚህ ጋ ነው። ሰው ወጥቷል፣ ሻይ መጥቷል፣ ክፍሉ ሞቅ ብሏል። አንዱ «እግረ መንገዳችንን ያችን የሱቅ ኪራይ ነገር እንጨርሳት» ይላል። አትጨርሷት። በሩን ክፈቱና ጨርሷት።

በዝግ ለተነጋገራችሁትም ቃለ ጉባኤ ያዙ። ዝርዝሩ ለብቻው ይቀመጥ፤ ውሳኔው ግን በዋናው መዝገብ ይስፈር። ያልተጻፈ ዝግ ስብሰባ ከሁለት ዓመት በኋላ እያንዳንዱ ሰው እንደፈለገው የሚተርከው ተረት ይሆናል።

ሌላው የአፋችን ነገር ነው። በር ዘግቶ ከሰዓት በኋላ ቡና ላይ ማውራት ካልዘጉትም የከፋ ነው። ዛሬ ደግሞ ቴሌግራም አለ። የወላጆች ግሩፕ ውስጥ አንዲት የድምፅ መልእክት ከገባች ማጥፋት አይቻልም። እኔ በነበርኩበት ቦርድ አንድ አባል ለባለቤቱ ነገረ፣ ባለቤቱ ለእህቷ ነገረች። ሰውየውን በፍቅር አሰናበትነው። ከባድ ነበር፤ ጎረቤቴ ነው። እስካሁን ግን ትክክል ነበርን ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ሁለቱን ጥፋቶች ካየን በኋላ አሠራራችንን ቀየርን። ለመጀመሪያ ጊዜ በአዲሱ መንገድ የተሰበሰብንበትን ቀን ልንገራችሁና ልጨርስ።

አንድ መምህር ተማሪ መታ የሚል አቤቱታ ቀርቦ ነበር። ወላጆች ለሌላ ጉዳይ ተሰብስበዋል፤ ክፍሉ ሞልቷል። ሰብሳቢያችን ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ «የሚቀጥለው የአንድ ተማሪና የአንድ መምህር ጉዳይ ነው። ስም አንጠራም። ሁለቱም የእኛው ልጆች ናቸው። የልጁ ወላጅም መምህሩም በዝግ ይታይልን ብለዋል። ለዚህ ብቻ ገለል በሉልን። ስንጨርስ የወሰንነውን እዚሁ እንነግራችኋለን።»

ማንም ለጥቂት ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። ከኋላ አንዲት ሴት ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። የገበያዋ እናት ናት። «ተነሡ፣ ገለል እንበልላቸው» አለች። ሰው ተከተላት። በመስኮት ሳይ ግቢው ውስጥ ካለው ዋንዛ ሥር ቆመዋል።

አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ልጁን ሰማን፣ አባቱን ሰማን፣ መምህሩን ሰማን። መምህሩ አለቀሰ። ያን ሁሉ እዚህ አልነግራችሁም።

በሩን ስንከፍት ግማሹ ሰው ሄዷል። እሷ ግን ቆማለች። ጸሐፊያችን ከቃለ ጉባኤው ሁለት መስመር አነበበ። አቤቱታው ተሰምቷል፤ ጉዳዩ በሥነ ሥርዓቱ መሠረት ለሚመለከተው አካል ተላልፏል፤ ተማሪው ክፍሉን ቀይሮ ትምህርቱን ይቀጥላል።

«ሰኞ ይመጣል?» አለች።

«ይመጣል» አልናት።

ዘንቢሏን አነሣችና ሄደች።